«ደህና ነኝ» አትበሉኝ፣ ቁጥራችሁን ንገሩኝ

(እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማኋችሁም። እንደምን ዋላችሁ?

ተመስገን! አያችሁ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው «ደህና» አለኝ። አንድም ሰው «ኧረ እኔ ደህና አይደለሁም» አላለም። በር ላይ ስገባም እንዲሁ ነበር። ደህና ነሽ? ደህና። ልጆች ደህና? ደህና። ሥራ? ደህና። እናትሽ? ደህና፣ ክብር ምስጋና ይግባው። እኛ ሰላምታ ላይ ማን ይችለናል!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። የደም ግፊቱን ቁጥር የሚያውቅ እጁን ያንሳ። አንድ... ሁለት... አምስት... ጋሼ፣ እርስዎ እጅዎን ያነሡት ለዚህ ነው ወይስ ውሃ ፈልገው ነው? እሺ። ስኳሩ ስንት እንደሆነ የሚያውቅስ? ባሰ። አሁን ደግሞ መኪናው ስንት ማይል እንደሄደ፣ ኦይል ቼንጅ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ? አያችሁ! አዳራሹ ሁሉ እጁን አነሣ። መኪናችን ድምፅ ሳያሰማ በፊት ዘይቱን እንቀይርለታለን። ራሳችንን ግን ድምፅ እስክናሰማ እንጠብቃለን።

ቅድም ሲያስተዋውቁኝ «ዶክተር» ተብያለሁ። ዶክተር አይደለሁም፣ ናርስ ነኝ። እዚህ አገር የገባሁት በ2001 ነው። ዛሬ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ አትቀየሙኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ዲሲ መሀል አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነበር። ከዚያ ማታ ማታ ተምሬ ናርስ ሆንኩ። አሁን ኩላሊት እጥበት ቤት ነው የምሠራው። ዲያሊስስ። ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። ክንዱ ላይ ሁለት ወፍራም መርፌ አስገባለሁ፣ ደሙ ወጥቶ በማሽን ይታጠባል፣ ይመለሳል። አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። በዓል የለ፣ ሠርግ የለ፣ በረዶ የለ። የእናቱን ለቅሶ ለመድረስ አገር ቤት መብረር ያቃተው ሰው አውቃለሁ፤ እዚያ ማሽን ማግኘቱን እርግጠኛ ስላልሆነ።

ወንበሮቹ ላይ የምናየው የኛ ሰው ቁጥር ያስደነግጠኛል። በአሜሪካ ኩላሊታቸው ከሚደክም ሰዎች የአብዛኞቹ መነሻ ሁለት ነው፤ ስኳርና ግፊት። ሁለቱም ቀድሞ ቢታወቁ ሊያዙ የሚችሉ ናቸው።

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ይህ ነገር ለምን ተከተለን? ሁለተኛ፣ ቁጥር። ሦስተኛ፣ ምግብ፣ ጾምና ጠበል። ሦስተኛው ላይ እንደምትጮሁብኝ አውቃለሁ።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አንድ አባት ልንገራችሁ። ስማቸው ይቅር፣ ጋሼ እንበላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ፣ ሦስት ልጅ ያስተማሩ፣ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። አንድ ቀን ማሽኑ ላይ እያሉ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ግፊት እንዳለብዎ የተነገርዎ መቼ ነበር?»

«ኧረ ድሮ! ትንሿ ልጄ ኤለመንተሪ እያለች።»

ልጅቷ አሁን ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ይዛለች።

«መድኃኒት አልሰጡዎትም ነበር?»

«ሰጥተውኛል እንጂ!» አሉኝ ኮራ ብለው። «አንድ ቀን ሳላዛንፍ ጨረስኩት።»

ጨረስኩት! ሠላሳ ፍሬ ክኒን። ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እያሉ ጨረሱት። ባዶውን ጠርሙስ ጣሉ። ከዚያ በኋላ አሥራ ምናምን ዓመት ምንም አልወሰዱም።

አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ልስቅ ነበር፤ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ጋሼ የተማሩትን ነው ያደረጉት። አገር ቤት መድኃኒት ሲሰጠን ምን ይባላል? «ጨርሰው!» የወባ ክኒን፣ አሞክሳሲሊን፣ «ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ፣ ጨርሰው!» ከጨረስክ ድነሃል ማለት ነው። ይኸኛው መድኃኒት እንደማያልቅ፣ ጠርሙሱ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችው «ሪፊል»፣ «ሲያልቅ እንደገና አስሞላ»፣ የምትባል ቃል ዋናዋ ነገር እንደሆነች፣ ማን ነገራቸው? ማንም። በእንግሊዝኛ ነግረዋቸው ይሆናል። እሳቸውም «ኦኬ፣ ኦኬ» ብለው ይሆናል። «ኦኬ» የምትባለዋ ቃል ስንቱን ሰው እንደጎዳች እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። ለምን ተከተለን?

ብዙ ሰው «በዘራችን የለም» ይላል። «አያቴ ዘጠና ዓመት ኖረዋል፣ ስኳር የሚባል አያውቁም።» እውነት ነው፣ አያትህ አያውቁም። አያትህ ግን ኡበር አልነዱም።

ስለ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ልንገራችሁ። በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄዱ። በሰለሞን ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን ተጓጉዟል። አብዛኛው ከጎንደር ገጠር የመጣ፣ በእግሩ የሚሄድ፣ ያረሰውን የሚበላ ሰው ነበር። እዚያ ሐኪሞች ሲመረምሯቸው ስኳር በሽታ የለም በሚባል ደረጃ ነበር። ጥቂት ዓመታት አለፉ። ስኳር ታየ። ሽማግሌው ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ወጣቱም ላይ ታየ። ያው ደም፣ ያው አጥንት። የተለወጠው ዱቄቱ፣ ስኳሩና እርምጃው ነው።

እነሱ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1998 እዚያው እስራኤል «ጤና ብሪዑት» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ጤና በአማርኛ፣ ብሪዑት በዕብራይስጥ ያው ጤና ማለት ነው። የማኅበረሰቡን ሰዎች አሠልጥኖ ለወገናቸው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ባህል እንዲያስረዱ ማድረግ ነው ሥራው። ሰው በቋንቋው ሲነገረው ይሰማል። እኔም ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚያው ምክንያት ነው።

ወደ ራሴ ልምጣ። ያ ፓርኪንግ ቡዝ ትዝ ይለኛል። ቁመቱ የኔን ያህል፣ ስፋቱ የስልክ ቤት ያህል። እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ። ስምንት ሰዓት ቁጭ። ማታ ማታ አለቃችን የተረፈ ዶናት በካርቶን ያመጣልናል፣ ነፃ ነው፤ ነፃ ነገር ደግሞ አይጣልም። ቡናዬን ከማዕዘኑ ሱቅ በቫኒላ ክሬም አስሞልቼ እገዛለሁ። ቡና አይደለም፣ ኬክ ነው የምጠጣው። በሁለት ዓመት ውስጥ 30 ፓውንድ ጨመርኩ። ፎቶ ስልክላት እናቴ ምን አለችኝ? «ተመስገን! አሜሪካ ተስማምቶሻል!» እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጎረቤት ሁሉ ፎቶውን አየ። እናቴ ራሷ እኮ ገበያ ደርሳ ለመመለስ ሁለት ሰዓት በእግሯ ትሄድ ነበር፣ ያውም ተሸክማ።

መወፈር እኛ ዘንድ ምቾት ነው፣ መክሳት ችግር ነው። ቀጠን ብላ የመጣች ሴት «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ትባላለች። በዚህ በኩል ሁላችንም ጥፋተኞች ነን። ዛሬ አዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ እየተለወጠ ነው፤ ስኳርና ግፊት የዲያስፖራ በሽታ ብቻ አይደሉም።

ሁለተኛው፣ ቁጥር። እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ።

እኛ በሽታ የምንለው የሚያመውን ነው። ካላመመ በሽታ አይደለም። ስኳርና ግፊት ግን አያምም። ለዓመታት አያምም! ግፊት ራስ ያዞራል፣ ስኳር ውሃ ያስጠማል ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ያ የሚመጣው በጣም ከፍ ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ ኩላሊትን፣ ዓይንን፣ ልብን፣ የእግርን ነርቭ ቀስ እያለ ይበላል። እናንተ «ደህና ነኝ» ትላላችሁ፣ እውነታችሁን ነው፣ ምንም አይሰማችሁም። ስለዚህ ስሜታችሁን አትጠይቁት። ቁጥሩን ጠይቁት።

ግፊት፦ ከ120 በ80 በታች ጥሩ ነው። እዚህ አገር ከ2017 ጀምሮ 130 በ80 የደረሰ ሰው ግፊት አለበት ይባላል። አንድ ቀን ብቻ ተለክቶ አይወሰንም፤ ደጋግሞ መለካት ነው።

ስኳር፦ «ኤ ዋን ሲ» የሚባል ምርመራ አለ። ከ5.7 በታች ጤነኛ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ደግሞ ሐበሻ ሁሉ «ቦርደርላይን ነኝ»፣ ስኳር ሊሆን ጫፍ ላይ ነኝ፣ የሚለው ነው። 6.5 ከደረሰ ስኳር ነው። ይህ ምርመራ የሦስት ወር አማካይ ነው የሚያሳየው። ስኳሩ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይለጠፋል፣ ሕዋሱ ደግሞ አራት ወር ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ልትሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራችሁ ኬክ የምትተዉ ሰዎች፣ ልፋታችሁ ከንቱ ነው! ያውቅባችኋል። የልደቱን ኬክ ሁሉ ቆጥሮ ነው የሚጠብቃችሁ።

ሦስተኛው ቁጥር የኩላሊት ነው፦ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ኩላሊቱን ይመርመር፤ በደምም በሽንትም። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መታየት ከጀመረ ኩላሊቱ ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። ያኔ ብዙ ማድረግ ይቻላል። እኔ ጋ ከመጣችሁ በኋላ ግን...

«ቦርደርላይን» ለምትሉት ደግሞ የምሥራች አለኝ። በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ከ3,000 በላይ ሰው የተሳተፈበት። ግማሽ የሚጠጉት ጥቁሮች፣ ላቲኖችና ሌሎች እንደኛ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች ወደ ስኳር የመሄድ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። እግር ክኒኑን በለጠው! 7 በመቶ ስንት ነው? 180 ፓውንድ የሚመዝን ሰው 12፣ 13 ፓውንድ። ሞዴል ሁኑ ያላችሁ የለም። 150 ደቂቃ ማለት ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ኤርፖርት ተራ የምትጠብቁ ሾፌሮች፣ መኪናው ውስጥ ፖለቲካ ከምትሰሙ እየተራመዳችሁ ስሙ። ፖለቲካውም ቀለል ይላችኋል።

ቋንቋ ያልኩትን አልረሳሁም። አንዲት እናት ከአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ጋር ሐኪም ቤት ሄደች። አስተርጓሚዋ ልጅቷ ናት። ሐኪሙ «ሃይፐርቴንሽን» አለ፣ የደም ግፊት ማለቱ ነው። ልጅቷ አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፣ ምን ታድርግ። «ማሚ፣ ቴንሽን አለብሽ ነው የሚልሽ» አለቻት። እናትየዋ «እውነቱን ነው!» አለች። «ቤት ኪራዩ፣ የወንድሜ ነገር፣ ቴንሽን ሞልቶኛል።» መድኃኒቱንም የጭንቀት ነው ብላ ወሰደች። ወንድሟ ፕሮሰሱ አልቆለት ሲመጣ ቴንሽኑ ለቀቃት። መድኃኒቱን ተወችው። ታሪኩን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ኋላ አንድ ጎኗ ደንዝዞ ከተኛችበት ከተነሣች በኋላ።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ውለታ አይደለም፣ ሕግ ነው። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለ፣ አማርኛም ተካቶበታል። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ማለት ብቻ ነው። በስልክም ያመጡላችኋል። ልጆቻችሁን ተዉአቸው። አንድ ሕፃን ለእናቱ «ካንሰር አለብሽ» ብሎ መተርጎም የለበትም።

አሁን ሦስተኛው። ተዘጋጁ።

እንጀራ ተዉ አልላችሁም! እፎይ በሉ። ግን እዚህ የምንበላው እንጀራ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ጤፍ አይደለም። ስንዴም ገብስም ይገባበታል፣ ማቦኪያ የተቀላቀለበት ሴልፍ ራይዚንግ ዱቄትም አለበት። ሁለት እንጀራ ዘርግቶ፣ ሦስተኛውን ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ሩዝ፣ ጎኑ ላይ ዳቦ፣ ቀጥሎ ለስላሳ። ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ይበቃል። ጎመኑ ይብዛ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሰላጣው፣ ምስሩ ይብዛ። ጨው ደግሞ በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ እኛ ድስቱ ላይ እንደገና እንጨምራለን። ለቀን የሚመከረው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፣ ሁሉም ተደምሮ። ማር ደግሞ ስኳር ነው። «ተፈጥሯዊ ነው» አትበሉኝ። ጁስም ስኳር ነው።

ጉርሻስ? «ካልበላሽልኝ ተቀየምኩሽ!» ስኳር ያለበትን እንግዳ ሦስተኛ ሳህን ካስቀረብነው ፍቅር መሆኑ ይቀራል።

ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋና ቅቤ መተው ለልብ አይከፋም። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንቆይና ፓስታ በዳቦ! ከዚያ ስኳሩ ለምን ወጣ እንላለን። ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒኖች ወስዶ ሳይበሉ መዋል ስኳርን ከልክ በታች ይጥለዋል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደነጋገር፣ ራስን መሳት። መሪ ይዛችሁ ቤልትዌይ ላይ ብትሆኑስ? ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ረመዳንም ያው ነው። ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀድማችሁ ሐኪማችሁን አነጋግሩ፣ መድኃኒቱ ወይም ሰዓቱ ሊቀየር ይችላል። የንስሐ አባታችሁን፣ ኢማማችሁንም ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያንም ሸሪዓውም ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። የሚከለክሉት እነሱ አይደሉም፣ «ሰው ምን ይለኛል» ነው የሚከለክለን።

ጠበል። እኔም እጠመቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ፣ እንጦጦ ላይ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ለጠበል ብለው መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረዋል። እኔ ከፓትርያርክ የበለጠ ልናገር አልችልም።

መድኃኒቱ ካልተስማማችሁ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ለጎረቤት አይደለም። ሊሲኖፕሪል የሚባለው የግፊት ክኒን ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ሌላ ይቀይርላችኋል። አምሎዲፒን፣ ሌላው የግፊት ክኒን፣ እግር ሊያሳብጥ ይችላል፤ እሱንም ንገሩ። ዝም ብላችሁ አትተዉ። የባልን ክኒን ለሚስት፣ የእህትን ለወንድም አትስጡ። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውንም ቢሆን ሳታሳዩ አትዋጡ። ገንዘብ ከሆነ ችግሩ፣ በፌዴራል መንግሥት የሚታገዙ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በገቢያችሁ ልክ ነው የሚያስከፍሉት፣ «መክፈል አትችልም» ብለው አይመልሱም። ክኒን ለሁለት እየሰበራችሁ ከምታብቃቁ እሱን ጠይቁ። ስኳር ያለባችሁ እግራችሁን በየማታው እዩ፣ በዓመት አንዴ ዓይናችሁን አሳዩ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው።

እዚያ ጥግ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሦስት የግፊት መለኪያና ሦስት ናርሶች አሉ። ሁላቸውም አማርኛ ይችላሉ፣ አንዷ ኦሮምኛና ትግርኛም ትችላለች። ቁጥራችሁን በካርድ ጽፈው ይሰጧችኋል፣ ካርዱን ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩት፣ ለሐኪማችሁ አሳዩት። ከመለካታችሁ በፊት ሽንት ቤት ግቡ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ጀርባችሁ ይደገፍ፣ እግራችሁ አይጠላለፍ። ሲለካ አታውሩ። ይኸኛው እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ።

ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፣ ቁጥሩን ያሳስታል። ሽታው አፍንጫችሁ ገብቷል፣ አየኋችሁ። እትዬ፣ ጀበናውን ትንሽ ያቆዩልን። መጀመሪያ ጥጉ ጋ፣ ከዚያ ወደ ቡናው። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።